በአምስት ሊትር ዋጃ ደርሶ መልስ

በደርግ ጊዜ፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ወቅት፣ ቆቦ ላይ መካኒክ ነበርኩ። አንድ ቀን የኩፖኑ ኃላፊ ደንበኛዬን ሾፌር ሰይድን ይዞ ጋራዤ መጣ። «ይሄ ሰው በተሰጠው ቤንዚን ይህን ያህል ሊመላለስ አይችልም፤ ከጥቁር ገበያ እየገዛ ነው» አለኝ።

«ጓድ፣ ቤንዚን እንዲቆጥብ ካርቡራተሩን አስተካክዬለት ነው» ብል አላመነኝም። የታንኩን ቤንዚን አስወጥቶ አምስት ሊትር ብቻ አስሞላና ከሰይድ ጎን ተቀምጦ ወደ ዋጃ አስነዳው። መንገድ ላይ ካለቀባቸው ሰይድ መታሰሩ ነው። እስኪመለሱ ድረስ መፍቻዬን አስቀምጬ መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ።

ከቀትር በኋላ መኪናዋ ሳትገፋ፣ ሳትጎተት መጣች። ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ወረደ። ኃላፊው ታንኩ ውስጥ እንጨት ሰዶ የተረፈውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔንስ መኪና መቼ ላምጣልህ?» አለኝ።

«ወረፋ አለ፣ ጓድ። ሐሙስ ያምጧት» አልኩት። ባለሥልጣን ወረፋ ሳስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።