በውጭ የተገጠመው መቀርቀሪያ

ስሙኝማ፣ እኔ ኮልፌ የምሠራ አናጢ ነኝ። ጋሽ መኮንን ቤቴል ለሚሠሩት ቤት ፎቶ ላኩልኝ፤ ካሪቢያን ያለ፣ የድሮ የሸንኮራ እርሻ ጌታ ቤት። ታቹ የአውሮፓ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ባሪያዎቹ ከአፍሪካ ይዘውት በሄዱት ሙያ የጠረቡት የእንጨት በረንዳ። «አንድም ነገር እንዳትቀንስ» አሉኝ። እኔም የእንጨት ሥራውን፣ በሮቹንም ጭምር፣ ቁርጥ ፎቶውን አስመስዬ ሠራሁት።

የርክክቡ ቀን የቤት ሠራተኛቸው ዘይነባ ታች የምታድርባትን ክፍል ልታይ ገባች። በሩን ዘጋች፣ ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ መቀርቀሪያው በውጭ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው በእርግጥም በውጭ ነው። ለካ ሰው የሚቆለፍባት ክፍል ኖራለች!

በረንዳውን ሲያዩ የነበሩትን ጋሽ መኮንንን ጠራኋቸው፦ «ጋሼ፣ ይህን ወደ ውስጥ ላዙረው?»

«ፎቶው ላይ በውጭ አይደል? ተወው።»

ዘይነባ እኔን እኔን ታየኛለች። ብሎኖቹን ፈትቼ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ገጠምኩት። ጋሽ መኮንን ውጭ የቀሩትን ቀዳዳዎች በጣታቸው ዳሰሱ።

አሁን በታክሲ በዚያ ሳልፍ ሰው በረንዳውን አይቶ «ወይ ቤት!» ይላል። ያቺ በር ግን ከአጥሩ ጀርባ ናት፤ አትታየኝም። መቀርቀሪያውን ወደ ውጭ ለማስመለስ ሌላ አናጢ ጠርተው ይሆን?