በአት የዘጉት የባሌ እህቶች

በእኛ ጊዜ ሰው ሲያኮርፍ በወግ ነበር የሚያኮርፈው፤ ያሁኑማ ጧት ስልክ ዘግቶ ማታ ይከፍታል። የባሌ እህቶች ግን፣ እትዬ የሻረግና ታናሻቸው ብርቄ፣ አጥር ዘጉ፤ ዘጉ ስላችሁ ዘጉ!

ምን ሆነው? በሉኝ እንጂ! በአጎታቸው ተዝካር ዳሱ ውስጥ ከበሩ ሥር አስቀመጧቸው። ታዲያ እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አራገፉና፣ "እኛን? እኛን ከውሻው ጋር? በር ካማራችሁ በር እናሳያችኋለን!" አሉ፤ አሉና እህታቸውን አስነስተው ሄዱ፣ ሄዱና አጥራቸውን በእሾህ ጠረቀሙት። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ የእኩል አራሻቸው እህሉን ባጥር ላይ ያቀብላቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው "ቤቶች!" ቢል ሁለቱም ባንድ ድምፅ "የሉም!" ነው መልሳቸው።

ባሌ አያ ሙላት ደግሞ ስሙን የሚወድ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ "እህቶችህ ምነው ጠፉ?" ሲሉት ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ "እህቶቼማ በአት ዘግተዋል" አይል መሰላችሁ! እንደ መናኝ! እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። ታዲያ ወሬው አገራችንን እስቴን አዳረሰና ሰው ጧፍ ይዞ መጥቶ አጥሩ ሥር ይማጸን ጀመር። አንድ ቀን ብርቄ የዕቃ እጣቢ ባጥር ላይ ስትደፋ ጎረቤቷ አሰገደች ከሥሩ ነበረችና ራሷ ላይ ወረደባት። "ጸበል!" ብላ እልል እያለች ሄደች፤ ወገቤ ተሻለኝ ብላም ላገሩ አወራች።

እና ባሕር ዳር ፊልም የተማረች የልጄ ልጅ መጣች። "አያቴ፣ ስለነሱ ዶክመንተሪ ልሠራ ነው" ስትለው አያ ሙላት ደሙ ደረቀ። "በአት የዘጋ ሰው አይቀረጽም! ውሸቴ ከወጣ በደጀ ሰላም ማን ያምነኛል?" ይላል ለእኔ በሹክሹክታ። እሷ ምን ገዷት! አጥሩ ሥር ቆማ፣ "እማማ፣ በፊልሙ ከላይ ነው የማስቀምጣችሁ፣ ከሰው ሁሉ ፊት!" አለቻቸው። እሾሁ ተነሣ። ከላይ ስትላቸዋ!

ፊልሙ መካነ ኢየሱስ ከተማ አዳራሽ ታየ፤ ቄሳችን እዚያ አሉ፣ አሰገደች አለች፣ አገሩ ሁሉ አለ። ታዲያ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ብርቄ የአባቷን ካፖርት ለብሳ የሰርግ ዘፈን ትዘፍናለች፣ እትዬ የሻረግ ቆሎ እየቆረጠሙ "ድምፅሽ የተሰነጠቀ ጋን!" ይሏታል፣ ድመቱ ከሳህናቸው ይበላል። ልጅቱ ትጠይቃለች፤

"በአት ዘግታችኋል ይባላል?"

"ማን አለ?"

"ወንድማችሁ።"

"ሙላት? እሱማ ጥርስ ሳያበቅል ነው መዋሸት የጀመረው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አያ ሙላት ጋቢው ውስጥ ገባ፣ ገባና ጠፋ። አሰገደች ብድግ ብላ፣ "ታዲያ እኔ ላይ የወረደው ምንድን ነው?" አለች።

"የሽሮ እጣቢ!" አለ አንዱ።

"ይሁና! ወገቤን ግን ለቆኛል!"

ቄሱ እንባቸውን እየጠረጉ፣ "ሙላት፣ ንስሐህ ይኸው፤ ራስህ ሄደህ ትጠራቸዋለህ፣ ከላይም ታስቀምጣቸዋለህ" አሉት።

ለሌላው የልጅ ልጃችን ክርስትና አያ ሙላት ሄዶ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ጠራቸው፤ መጡ። ከቄሱ ጎን፣ ከላይ፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጣቸው። እኔ ደስታ እንባዬን አመጣው። ጥቂት ቆይተው እትዬ የሻረግ በነጠላቸው እያራገቡ፣ "ኤዲያ! እዚህ ሙቀቱ! ብርቄ፣ ተነሽ፣ በሩ ሥር ነፋስ አለ" ብለው ሄደው ከበሩ ሥር ቁጭ አሉ!

አያ ሙላት ራሱን ይዞ፣ "እና ያን ሁሉ ዓመት ለምን ነበር የዋሸሁት?" አለ።

አጥሩማ ተከፍቷል። ሂዱና "ቤቶች!" በሉ፤ ዛሬም "የሉም!" ነው የሚሏችሁ፣ በሩን እየከፈቱ። ኪ ኪ ኪ!