የግንቡ እምቢታ

ሽማግሌው አሰልጣኝ ወደ ስታዲየሙ መተላለፊያ የገቡት ጠብ ፈልገው አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት እጃቸውን ሊታጠቡ ብቅ ሲሉ፣ ከመልበሻ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ድሮ ካሰለጠኑት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ያ ሰው በተከላካይነት ዘመኑ አጥቂ አላሳልፍ ብሎ "ግንቡ" የተባለ ነው፤ አሁን ጫማውን ሰቅሎ የታዳጊ ሴቶች ቡድን ያሰለጥናል። ከጀርባው በሩ ክፍት ነበርና የሽማግሌው የልጅ ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ማሊያዋን አውልቃ ጃኬት ደርባለች።

"ይህ ምንድን ነው? ማን አውልቂ አላት?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እንኳን መጡ፣ ላስጠራዎት ነበር። ከዕረፍት በኋላ አትገባም፤ ሐኪም ሊያያት ይገባል።"

ሽማግሌው ለመሳቅ ሞከሩ። "ቀልድም እኮ ሰዓት አለው! የትልቁ ክለብ ተጫዋች መልማይ ከላይ ተቀምጧል። ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለማን መሰለህ?"

"አውቃለሁ። ግን ከግብ ጠባቂዋ ጋር ስትጋጭ ጭንቅላቷን ተመትታለች።"

"ወዲያው ተነሥታ ተጫወተች እኮ!"

"ተነሥታ የተሰለፈችው ከተጋጣሚ ተከላካዮች ጋር ነው። አላዩም?"

ሽማግሌው አይተው ነበር። ድንጋጤ ነው ብለው ነው ያለፉት። ሰው የጓጓለት ነገር ሲመጣበት ዓይኑ ያየውን ልቡ አላየሁም ይላል፤ እሳቸውም ከዚህ አላመለጡም።

"አንድ ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አናቷ ላይ አፍስስባትና ትግባ" አሉ ቆጣ ብለው። "እኔ ስንቱን በውሃ አንቅቼ መልሻለሁ!"

"ውሃው ያነቃ ይሆናል እንጂ አያድንም፣ ጋሼ። የተናጋ አንጎል ሳያርፍ ሁለተኛ ምት ካገኘው ለሕይወትም ያሰጋል። ሥልጠና ላይ ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውናል።"

"ሐኪም ደግሞ ስለ ኳስ ምን ያውቃል?"

"ኳስ ባያውቅ ጭንቅላት ያውቃል።"

የሽማግሌው ፊት ቀላ። እጃቸውን ሊታጠቡ እንደመጡ ረስተው ጣታቸውን ደረቱ ላይ ቀሰሩበት። "አንተን ከሰው ተራ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ዛሬ እኔን እምቢ ትለኛለህ?"

"ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ይዘዙኝ፣ እሺ እላለሁ። ይህን ግን እምቢ።"

"ያኔ በፍጻሜው ቀን አንተስ ምን ሆነህ ነበር? ራስህን ስተህ ወደቅህ፤ ውሃ አፈሰስኩብህ፣ በፋሻ ጠቅልዬ መለስኩህ። ከመስመሩ ላይ በቴስታ ያወጣሃት ኳስ አይደለችም ወይ ዋንጫውን ያስገኘችልን?"

ይህን ታሪክ ሽማግሌው ያላወሩበት ሠርግ፣ ያላወሩበት ጠረጴዛ የለም። ግንቡ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ልጅቷ እንዳትሰማ በሩን ቀስ ብሎ ገጠም አደረገው።

"ያን ጨዋታ አላስታውሰውም፣ ጋሼ።"

"እንዴት አባህ አታስታውሰውም?"

"ከእርስዎ አፍ ነው የማውቀው። ከውሃው በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ዋንጫ ይዤ የተነሣሁት ፎቶ ሳሎኔ ተሰቅሏል፤ ሳየው የሌላ ሰው ይመስለኛል። እርስዎ ሲያወሩት ግን እስቃለሁ፤ ደስታዎን እንዴት ልቀማዎት?" ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። "አሁንም ነገር ይጠፋብኛል። በቀደም ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ወጥቼ፣ ለምን እንደወጣሁ ጠፍቶኝ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ናት ፈልጋ ያገኘችኝ።"

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። አፈሩ፤ ከማፈራቸውም በላይ ፈሩ። በየሄዱበት የኮሩበት ያ ቀን ለካ ግንቡ ራሱ የማያስታውሰው ቀን ነው።

"ዕድሏስ?" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ይህ መልማይ ባይመለስስ?"

"ላይመለስ ይችላል። አልዋሽዎትም።"

የዳኛው ፊሽካ ተሰማ። በሩ ተከፈተና ልጅቷ ወጣች፤ ማሊያዋን መልሳ በእጇ ይዛለች። "አባባ፣ ደህና ነኝ። አንተ ብትነግረው እሺ ይልሃል። በናትህ ንገረው!"

ሽማግሌው የልጅቷን ዓይን አዩ፤ አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። እሳቸውም ያቺን ቃል ዋጧት።

"አትገቢም፣ እናቴ። አሰልጣኝሽ ልክ ነው" አሉና ማሊያውን ከእጇ ወሰዱት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እሳቸውም እቅፍ አድርገው ወደ መውጫው ይዘዋት ሄዱ።

በተመልካቾቹ መቀመጫ ሥር ሲያልፉ የአንዷ ተጫዋች አባት፣ "ጋሼ፣ ወዴት ይዘዋት? ውሃ አፍስሱባትና ትግባ እንጂ!" ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ሽማግሌው ቆሙ።

"ውሃ አፍስሱ ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ ተዉ የምላችሁም እኔው ነኝ" አሉ ሁሉም እንዲሰማ። "ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይውጣ፣ ሐኪም ይየው፣ እስኪፈቀድለት ይረፍ። ያረፈ ይድናል፤ የዳነ ብዙ ዘመን ይጫወታል። ባይጫወት እንኳ ይማራል፣ ይሠራል፣ አርጅቶም የገዛ ልጆቹን በስማቸው ይጠራል። ከዚህ የሚበልጥ ዋንጫ ያለው ካለ ያሳየኝ!"

መልማዩ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ እሳቸውም አልለመኑትም።

ወደ ሐኪም ቤት በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ ልጅቷ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። "አባባ፣ ስንት ለስንት ነን?"

"እኩል ነን፣ እናቴ።"

መንገዱን ትንሽ እንደሄዱ ቀና ብላ አየቻቸው። "አባባ፣ ስንት ለስንት ነን?"

ሽማግሌው እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙ። "እኩል ነን፣ እናቴ" አሉ፣ ገና አሁን እንደተጠየቁ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ጎንበስ ብለው፣ "ፍጠንልኝ፣ ልጄ" አሉት።