አባ ጓንጉል ሱሪ የደረቡበት በጋ

በ2015 በጋ፣ አንድ ጠዋት፣ ነፍሷን ይማርና ከታናሽ እህቴ ከዘቢደር ጋር ወደ ረሆቮት ከተማ ባቡር ጣቢያ ስንሄድ አባ ጓንጉልን አገኘናቸው። በክፋር ግቢሮል ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። ፀሐዩ ገና በማለዳ ይለበልባል፤ እሳቸው ግን ካፖርት ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«አባ ጓንጉል፣ እንዴት አደሩ? አመመዎ እንዴ?» አለች ዘቢደር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ካፖርቱ?»

ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሥሩ ሹራብ አለ። ሱሪውም ሁለት ነው።»

ሳቄን ዋጥሁ። ዘቢደር ግን አልሳቀችም። ሻዓራይም ሰፈር ውስጥ በአንድ ልብስ ማስተካከያ ቤት ዓመታት ስለሠራች፣ ሰው ልብስ የሚደርበው ለብርድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ስኳር በሽታ ያለባቸው አባ ጓንጉል የሐኪማቸውን ምክር ሰምተው፣ ምግባቸውን መጥነው፣ በየጠዋቱ እየተራመዱ በአምስት ወር ሃያ ሁለት ኪሎ ቀንሰዋል። ሐኪማቸው ተደስታለች። እሳቸው ግን አፍረዋል።

«የከሳ ሰው በኛ ዘንድ ምን ይባላል? ‹አለቀለት› ነው የሚባል። ሐሙስ ያፊት በመኮንንነት ትመረቃለች። የሚያውቀኝ ሁሉ እዚያ ነው። በቁሜ ሲያለቅሱልኝ ከማይ ብቀር ይሻላል።»

ያፊት የልጅ ልጃቸው ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«እርስዎ ከቀሩ ማንን ልታይ ነው?» አለች ዘቢደር። ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አባ፣ ሰው በሽታ የሚያየው በሥጋዎ ሳይሆን በልብስዎ ነው። ኮሌታው ከአንገት ሲርቅ፣ ትከሻው ወደ ክንድ ሲወርድ ‹ምን አገኛቸው› ይላል። ልክዎ የሆነ ቢለብሱ ግን ጎረምሳ ይመስላሉ። ባለቤትዎ እትዬ ማንተገብሽ ጥበቃ መቆም ሊኖርባቸው ነው!»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «ደህናውን ሱሪ ለማስቆረጥ ግን እጄ አይታዘዝም። ሥጋዬ ቢመለስስ?»

«እንዳይመለስ አይደል የደከሙት? ደግሞ ማን ይቆርጠዋል? ወደ ውስጥ አጥፌ በላላ ስፌት እይዘዋለሁ። ሌላ አምስት ኪሎ ሲቀንሱ ፈትቼ እንደገና አጠብበዋለሁ። የኮት ትከሻ ግን ለማጥበብ ያስቸግራል።»

«አዲስ ኮት ልግዛ?»

«ኪሎው ሳይቆም? በሁለት ወር ያም ይሰፋል! የወንድማችን የጋሻው ኮት አለ። እርስዎ በከሱ ቁጥር እሱ እየወፈረ ነው፤ ቁልፉ አልገጥም ብሎታል።»

ፊታቸው ተለወጠ። «የሰው ልብስ አልለብስም። ከአገር እንደመጣን፣ መርካዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢዎች ማረፊያው ያረፍን ጊዜ፣ ከከረጢት የወጣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ኮት ለብሼ ከርሜያለሁ። እርጥባን በቃኝ።»

ያን ከረጢት እኔም አልረሳሁትም። ዘቢደር አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ያኔ ሰጡዎት እንጂ ከእርስዎ የተቀበለ አልነበረም፤ የቆጠቆጠዎት እሱ ነው። አሁን ግን የእርስዎ ሰፊ ኮት ለጋሻው ይሄዳል፣ የእሱ ለእርስዎ ይመጣል። ለመሆኑ ጋሻው ‹የአባ ጓንጉልን ኮት አልለብስም› ቢል ምን ይሉታል?»

«ምኑን ንቆ! ያ ኮት እኮ...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺስ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ። ቤሰደር፣ እሺ ለኪኝ!»

ካፖርቱን እዚያው አወለቁ።

ሐሙስ በምርቃቱ ሜዳ ላይ የሰፈራችን ሰው ቢሻው አያቸውና ደነገጠ። «አባ ጓንጉል! ምነው ከሱ? ደህና አይደሉም?»

«ሃያ ሁለት ኪሎ!» አሉ ሁሉም እስኪሰማ። «በሽታ አልወሰደብኝም፤ በእግሬ ሄጄ የጣልሁት ነው። መድኃኒቴ ተቀንሷል፣ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም። ለልብስ ያወጣሁት የክር ዋጋ ነው። አንተም ያን ሆድህን ይዘህ ነገ ማለዳ ና። ልብስ ግን እንዳትገዛ! ሱሪህን በላላ ስፌት አስይዝ፣ ቁልፍህን አስጠጋ፣ የሰፋህን ለሰፊ ሰው ስጥና የእሱን ውሰድ። ኪሎህ ሲቆም ያኔ አንድ ደህና ልብስ ትገዛለህ።»

ቢሻው ሆዱን በእጁ ሸፈነ።

ያፊት አዲሱን ማዕረጓን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። «ሳባ!» ብላ አያቷን አቀፈቻቸው፤ ወዲያው ጮኸች። «እጆቼ ተገናኙ! ድሮ እኮ አይደርሱም ነበር!»

አባ ጓንጉል እንባቸውን ሊደብቁ አልሞከሩም። እህቴ አጠገቤ ቆማ የምታየው ከጋሻው የመጣውን ኮት ትከሻ ነበር። ልክ ነበር።