የቆረቆንዳ ጢስ ለዋንዛ ችግኝ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ገና ከመናኸሪያው ሳይርቅ የጢስ ሽታ ሞላው። ተሳፋሪው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ ሲንጫጫ፣ ጥፋተኛው ያምሮት በምትባል የግብርና ተማሪ እግር ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ሆኖ ተገኘ። ከጎኗ ያሉት አዛውንት፣ አያ ክንፈሚካኤል፣ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘው ምን እንደ ጫነች ጠየቋት።

ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ በተከደነ በርሜል ሲነድ ጢሱ በቧንቧ አልፎ፣ ቀዝቅዞ፣ ውሃ ሆኖ እንደሚንጠባጠብ፣ ይህም ችግኝን ከበሽታ እንደሚጠብቅ በትሕትና አስረዳቻቸው። ችግኝ የሚለውን ሲሰሙ ጋቢውን ከአፍንጫቸው አወረዱት። ልጃቸው ላቀው በጠና በታመመ ጊዜ፣ ቢድን በማርያም ቅጥር ሁለት መቶ ዋንዛ ሊተክሉ ተስለው ነበር። ልጁ ዳነ። ችግኙ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ ጣት ሳያክል አንገቱ እየቀጠነ ወደቀ። ስለታቸውን ባለማስገባታቸው አፍረው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ማስቀደስ ከጀመሩ ሰነበቱ።

«ልጄ፣ ጢስ ዓይን ሲያጠፋ እንጂ ችግኝ ሲያሳድግ አላየሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው» አሉ። ልባቸው ቢጓጓም፣ ሽማግሌ በአንድ ቃል ተረታ እንዲባል አይወድም።

«አያ፣ የበቆሎ ዘርዎን የት ነው የሚሰቅሉት?»

«ከምድጃው በላይ ነዋ። ጢስ ያልነካው ዘር የነቀዝ ነው።»

«ታዲያ ለዘሩ ያመኑትን ጢስ ለችግኙ ምነው ጠረጠሩት?»

አያ ክንፈሚካኤል ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አሸተቱት። ቡሬ ሲወርዱ ከጀሪካኑ አንድ ጠርሙስ ቀድታ ሰጠቻቸው። ለሃያ ሊትር ውሃ አንድ ሲኒ ብቻ እንዲጨምሩ ደጋግማ አሳሰበቻቸው።

የሰው ነገር ሆኖ፣ ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይበልጣል ብለው ዘንድሮ ካፈሏቸው ሦስት የችግኝ መደቦች አንዱን ውሃ ሳይጨምሩ አጠጡት። በማግስቱ ቅጠሉ አርሮ አገኙት። ሌላ ቢሆን ልጅቱን በረገመ ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቱ የገዛ እጃቸው መሆኑን አልካዱም፤ የቀሩትን ሁለቱን በሲኒ እየለኩ አጠጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድም ችግኝ አልወደቀም። ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ባለቤታቸውን በለጠችን ከነሊጥ እጃቸው ጎትተው ወስደው አሳዩአቸው።

ሐምሌ ሃያ አንድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለት መቶው ዋንዛ በማርያም ቅጥር ተተከለ። ሰው ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ከበባቸው።

«ቆረቆንዳችሁን በየሜዳው አታቃጥሉት» አሉ አያ ክንፈሚካኤል። «ከሰሉ ለምድጃ፣ ጢሱ ለችግኝ ይሆናል፤ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ መመላለስም ይቀራል። ብቻ ለክታችሁ አድርጉት። እኔ ከልጅ መማር ከብዶኝ አንድ መደብ ሙሉ ፈጅቻለሁ።»

የመጨረሻውን ጉድጓድ የቆፈረው ላቀው ነበር። እጁን ሲታጠብ አባቱ ክንዱን ያዙት፤ ሁለቱም ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው ወደ ውስጥ ገቡ።