ሁለት ረድፍ ካሮት

ታኅሣሥ፣ ደብረ ብርሃን ዳርቻ፤ አንድ የአትክልት ማኅበር ለአባላቱ ባከፋፈለው መሬት ላይ፣ ኮሚቴው መደቦቹን ሊጎበኝ በሚመጣበት ጠዋት፣ ጡረተኛው ሹፌር አቶ ደምሰውና የመደብ ጎረቤቱ ወይዘሮ ትርንጎ ድንበራቸው ላይ ቆመዋል።

ደምሰው፦ ሁለት ረድፍ ብቻ እኮ ነው ያልኩሽ! ችካሉን ወዲያ አዛውረን፣ ኮሚቴው አይቶ ሲሄድ መልሰን እንተክለዋለን። ካሮትሽን አልበላብሽ!

ትርንጎ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ። ገና ፀሐይ እንኳ ሳትሞቅ አጥሬን ልትነቀንቅ መጣህ?

ደምሰው፦ መናቅ አይደለም፣ መቸገር ነው። አምና መደብህ አልለማም ተብዬ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ዘንድሮ ከደገምኩ መሬቱን ነጥቀው ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጡታል። ደንቡን ታውቂው የለ?

ትርንጎ፦ አምናስ ማን አድርግ አለህ? ፍጉን ሳይበስል አታግባ፣ ካሮት ትኩስ ፍግ ካገኘ እግር ያወጣል ብዬህ ነበር። «እኔ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ» አልከኝ። ካሮትና መኪና ምን አገናኛቸው?

ደምሰው፦ አሁን አምናን ምን አመጣው?

ትርንጎ፦ የነቀልከው ካሮት ሁሉ ሱሪ የለበሰ መስሎ ነበር! ሰው ሊስቅ ከዚያ ማዶ መደብ ድረስ ይመጣ ነበር እኮ።

ደምሰው፦ ይሳቁ። ዘንድሮ ግን ፍጉን ስድስት ወር አብስዬ ነው ያገባሁት። ልክ እንዳልሽው።

ትርንጎ፦ ታዲያ የታለ? እስቲ አንዱን ልንቀለው... ወይ ጉድ! ይሄ ካሮት ነው የጥርስ መፋቂያ?

ደምሰው፦ ውሃ አጠረው።

ትርንጎ፦ ውሃ ለሁላችንም በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። የውሃው ሞተር ለኔ ብቻ ወተት አይቀዳ!

ደምሰው፦ ድንቹንም ውርጭ መታው። ይኸው ቅጠሉ ከሰል መስሏል።

ትርንጎ፦ ቅጠሉ ቢጠቁር ሥሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ቆፍረህ አየኸው?

ደምሰው፦ ቆፈርኩ። ትልቁ የእርግብ እንቁላል ቢያክል ነው። የቀረውን ደግሞ ፍልፈል ጨረሰው።

ትርንጎ፦ ውርጩን ወቀስክ፣ ሞተሩን ወቀስክ፣ ፍልፈሉን ወቀስክ። ራስህን መቼ ነው የምትወቅሰው? እኔ ጥቅምትን ሙሉ ሆዴን ተቀድጄ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቼ፣ መደቤ ይኸው። አንተ ጤነኛው፣ ጠዋት ማታ እዚህ እየዋልክ...

ደምሰው፦ ዕድለኛ ነሽ።

ትርንጎ፦ ዕድል አይደለም፣ ሰው ነው! ጥበቃው ማንደፍሮ ነው ያጠጣልኝ። ከሆስፒታል ስመለስ በሩ ላይ ቆሞ «አይዞሽ እትዬ፣ አትክልትሽ ደህና ነው» አለኝ። እንባዬ ነው የመጣው። ሹራብ ሠርቼ ሰጠሁት።

ደምሰው፦ አይቼዋለሁ። አምሮበታል።

ትርንጎ፦ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? በሹራብም ትቀናለህ?

ደምሰው፦ ኧረ ይልበሰው፣ ብርዱም ብርድ ነው። ትርንጎ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ትሰጪኛለሽ ወይስ አትሰጪኝም?

ትርንጎ፦ አልሰጥም። በዚህ ዕድሜዬ ኮሚቴ ፊት ቆሜ አልዋሽም። ደግሞስ ቢነጥቁህ ምን ትሆናለህ? ጡረታህ አለ፣ ቤትህ አለ።

ደምሰው፦ ቤቴ? ቤቴ ማን አለና! ባለቤቴ ደብሪቱ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ተነስቼ ጫማ የማደርገው እዚህ ልመጣ ብዬ ነው። ይሄን ከወሰዱብኝ እዚያው አልጋዬ ላይ ነው የምቀረው።

ትርንጎ፦ ደብሪቱን አታንሳብኝ፣ ሆዴን አታባባው። ታዲያ ለምን አትሰማም? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! ካሮቱን አሳሳው፣ ካልሳሳ እርስ በርሱ ይተናነቃል፣ አይወፍርም እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። አንተ «ነፍስ ያለውን አልነቅልም» ትላለህ።

ደምሰው፦ ጨክኜ ነቅያለሁ አልኩሽ! ያውም ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየለካሁ፣ በመሐሉ ሦስት ሦስት ጣት እየተውኩ።

ትርንጎ፦ የቱን ነው ያሳሳኸው? ያንተ እኮ እንደ ጎፈሬ ተጨናንቋል!

ደምሰው፦ ተይው በቃ።

ትርንጎ፦ ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ሦስት ጣት? እንደዚያ ተለክቶ የተሳሳው የኔ ነው። ማንደፍሮ ካሮት እንደሚሳሳ በምን አወቀ? እሱ እኮ ጎመንና ሰላጣ አይለይም።

ደምሰው፦ ኮሚቴው በሩ ላይ ደርሷል።

ትርንጎ፦ ይድረስ! ዓይኔን እየኝ። ማን ነው ያጠጣው?

ደምሰው፦ አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?

ትርንጎ፦ ደምሰው!

ደምሰው፦ እኔ ነኝ! በቃ? አባሉ ካልተገኘ ተራው ይሰረዛል ብለው ያንቺን ሰዓት ለሌላ ሰጡት። የኔን አንድ ሰዓት መጀመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፤ ሁለቱም መጠውለግ ያዙ። አንዱ እንኳ ይዳን አልኩ።

ትርንጎ፦ ታዲያ የራስህን አታድንም? የኔ ምንህ ነው?

ደምሰው፦ ያንቺ ቀድሞ ተዘርቶ አንገቱን አውጥቶ ነበር፣ የኔ ያኔ ገና አፈር እየገፋ ነበር። ደግሞ አንቺን አትተርፍም ይሉ ነበር። ብትተርፊ፣ ያን ሁሉ ስቃይ አይተሽ ስትመጪ ደርቆ እንዳታገኚው ብዬ ነው።

ትርንጎ፦ ብሞትስ?

ደምሰው፦ ብትሞቺ... ነቅዬ ለልጆችሽ እሰጣለሁ ብዬ። ፍልፈልም ገብቶብሽ ነበር። ጉድጓዱን በድንጋይ ብደፍነው ጊዜ ወደኔ ዞረ።

ትርንጎ፦ ያን ሁሉ ስድቤን ዝም ብለህ ጠጣህ? መፋቂያ ስልህ?

ደምሰው፦ ምን ልበል? ውለታ ሲቆጥሩት ይረክሳል። እኔን ያንገበገበኝ ያ ማንደፍሮ ነው! ዓይኑን በጨው አጥቦ ሹራቡን ሲቀበል!

ትርንጎ፦ እሱን ለኔ ተወው። አሁን ለኮሚቴው እውነቱን ንገራቸው።

ደምሰው፦ ሞቼ ነው ቆሜ! ተራው ወደተሰረዘበት መደብ ውሃ ማሳለፍ ያስቀጣል። እኔንም አንቺንም ይጠርጉናል። ሁለት ረድፍ ብትሰጪኝ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ትርንጎ፦ ሁለት ረድፍማ አልሰጥህም ብያለሁ።

ደምሰው፦ አሁንም? ይሄን ሁሉ ሰምተሽ?

ትርንጎ፦ አሁንም። ይልቅ ንገረኝ፣ አባላት ከተስማሙ መደብ መለዋወጥ በደንቡ ይፈቀዳል አይደል?

ደምሰው፦ ይፈቀዳል። ምን አሰብሽ?

ትርንጎ፦ አንተ ሁለተኛህ ነው፣ ይነጥቁሃል። እኔ ግን ነቀፌታ የለብኝም፤ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ነው።

ደምሰው፦ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ? ስድስት ዓመት ስምሽ በክፉ ተነስቶ የማያውቀውን? ያን ሁሉ ካሮት?

ትርንጎ፦ ከዚያ አልጋ ስነሳ ስም አይደለም የተረፈኝ፣ ነፍስ ነው። እሺ በል ቶሎ፣ እየመጡ ነው።

ደምሰው፦ ኧረ እኔ...

ትርንጎ፦ እሺ በል!

ደምሰው፦ እሺ... ግን ትርንጎ...

ትርንጎ፦ እንደምን አደራችሁ! ኑ፣ ከዚህ ጀምሩ። እኔና ጋሽ ደምሰው መደብ ተለዋውጠናል፤ ያ የለማው የሱ ነው። ይሄ የጠወለገው የኔ ነውና ስሜን ጻፉት!