የበያጇ አባት

አቶ ታከለ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሃነቪኢም መንገድ ካለው ሐኪም ቤት ወጥተው ‹ኢትዮጵያ› በሚባለው መንገድ ሲያቋርጡ ነው ጉዱን ያዩት። በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በር ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካ የብረቱን መዝጊያ ትበይዳለች። ፊቷ በጭንብል ተሸፍኗል፤ እሳቸው ግን ገና በትከሻዋ አወቋት። ሺራን ናት፣ የገዛ ልጃቸው! ብየዳ ተምራ ብረት ሥራ ቤት ከተቀጠረች ወዲህ ተኳርፈዋል፤ ለጎረቤት ግን «ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ነው የምትውል» ብለው ያወሩላታል።

አጠገቧ የቆሙ መነኩሴ ፈገግ አሉ። «ጤና ይስጥልኝ። እንዲህ ትክ ብለው የሚያዩዋት ልጅዎ ናት እንዴ?»

«አይ አባ፣ አላውቃትም።»

ምን ዓይነት ምላስ ነው! ሳያስቡት አመለጣቸው፤ ወዲያው ፊታቸው ጋለ። መነኩሴው «ውኃ ላምጣላችሁ» ብለው ወደ ግቢው ገቡ። ልጅቱም ጭንብሏን ገለጠች።

«እንኳን ደህና መጡ አባዬ» አለች። «ሰምቻለሁ።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ምን ልበል ልጄ? አነጋገራቸው ጎንደሬ በሆኑ መነኩሴ ፊት ልጄ ብረት ቀጥቃጭ ናት ልበል? አያትሽን አገር ቤት ጎረቤቶቻቸው ምን ይሏቸው እንደነበር አልነገርሁሽም። ማረሻቸውን በሳቸው እያሠሩ፣ ልጅ ሲታመምባቸው ‹ይኸ ቡዳ ጠይብ በላው› ይሉ ነበር። ያን ስም ላንቺ እንዳላወርስ ነው አገር ጥዬ የመጣሁ።»

«ታዲያ እዚህ ማን በዚያ ስም ጠራኝ? እዚህ ቀጣሪው ‹በያጅ አምጡልን› እያለ ይለምናል። አብራኝ ወታደር የነበረችው ኦሽሪት ዲግሪ ይዛ ስልክ ስታነሣ ትውላለች፤ እኔ እስከ ፔሳኽ በዓል ሥራ ተይዞልኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎስ እዚህ እንደመጡ ሥራ ቢሮ ‹ምን ሙያ አለህ?› ሲሉዎ ምን አሉ?»

አቶ ታከለ አንገታቸውን ደፉ። «ገበሬ ነኝ አልሁ።»

«አርሰው ያውቃሉ?»

«ኧረ ከየት! በሬ ጠምጄም አላውቅ።»

«ኢየሩሳሌም ላይ እርሻ ከየት ይምጣ? መጥረጊያ ሰጡዎት። ወናፍ እየነፋ ያደገ ሰው ሠላሳ ዓመት የሰው ደረጃ ጠረገ። መጥረጊያውን የሰጡዎ ጎንደሮች አይደሉም አባዬ፤ ሙያዎን ስለዋጡት ነው።»

እውነቷን ነው። ተሳዳቢዎቹ እዚያው ማዶ ቀርተዋል፤ ስድቡን ባሕር አሻግረው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ስንቶቻችን ነን፣ እጃችን የሚያውቀውን ደብቀን የማናውቀውን ሥራ ስንለምን የኖርን! አቶ ታከለ ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም።

«እሺ፣ እኔስ ይሁን። ሴት ልጅ እንዲህ ጥላሸት ለብሳ መንገድ ዳር…»

«ጥላሸቱን ማታ እታጠበዋለሁ። ‹አላውቃትም› ያሉትን ግን በምን ልጠበው?»

ያኔ ነው አቶ ታከለ የተረቱት። መነኩሴው ውኃውን ይዘው ሲመለሱ «አባ፣ ቅድም ዋሽቻለሁ» አሉ። «ልጄ ናት። እኔም ጠይብ ነኝ፤ አባቴም ጠይብ ነበሩ።»

መነኩሴው ውኃውን እንደያዙ ቆሙ። «እኔም የጎንደር ደንቢያ ልጅ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በቤታችን ስለ እናንተ ምን ይወራ እንደነበር አልረሳሁም። ይቅር በሉን።» ሁለቱም ሽማግሎች መሬት መሬት ያዩ ጀመር፤ ሺራንም ዐይኗን ጠርጋ ወደ መዝጊያዋ ተመለሰች።

ዛሬ አቶ ታከለ ከልጃቸው ጋር አንድ ብረት ሥራ ቤት ሲሠሩ ይውላሉ። አዲስ ሥራ ፈላጊ ባገኙ ቁጥር ይመክራሉ፦ «እጅህ የሚያውቀውን ሳታፍር ተናገር። ደመወዙ ይሻልሃል፣ አሠሪህም በሙያህ ይፈልግሃል፣ ወገብህም ለሰው ደረጃ አይጎብጥም። ከሁሉም ከሁሉም፣ ልጅህን መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላም ትላታለህ።»

ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ግን ዛሬም ዐይናቸውን ከመሬት አያነሡም።